ዶቃና ክር፦ ቤት ውስጥ ጌጥ መሥራት ለሚጀምሩ

ዶቃ ሊገዛ ገበያ የወጣ ጀማሪ ዓይኑ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ሰማያዊውን ያነሣል፣ ቀዩን ያስቀምጣል፣ ከልብሱ ጋር ያስተያያል፤ ዋጋ የሚከራከረውም በዶቃው ነው። ክሩን ግን ሻጩ የሰጠውን ተቀብሎ ይሄዳል። ከሳምንት በኋላ አምባሩ ታክሲ ውስጥ ተበጥሶ ዶቃው በየመቀመጫው ሥር ሲንከባለል ያኔ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ይህ ጽሑፍ ቤታቸው ተቀምጠው የዶቃ ጌጥ መሥራት ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ትውውቅ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞ ሊል የሚፈልገውም ይኸንኑ ነው። ዶቃ ጌጡን ያሳምረዋል፣ ዕድሜ የሚሰጡት ክሩና ቋጠሮው ናቸው። ጀማሪ ገንዘቡንም ትዕግሥቱንም መጀመሪያ እዚያ ላይ ያውል።

የእኛው የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው ብል አላጋነንኩም። ከጀሞ እስከ ሳሪስ፣ ከመካኒሳ እስከ ሃና ማርያም ብዙ ሰው የሚኖረው በኮንዶሚኒየም ወይም በጠባብ የኪራይ ቤት ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሸክላ መተኮስ አይቻልም፤ ለሸማኔ ጉድጓድ የሚሆን ወለል የለም፤ የስፌት መኪና እንኳ ማታ ሲንኳኳ ከታች ያለውን ጎረቤት ያስቀይማል። ዶቃ ግን ጭስ የለው፣ ድምፅ የለው፣ ውኃ አይፈልግ። አንድ ትሪ፣ አንድ መቀስና በመስኮት የሚገባ ብርሃን ይበቃዋል። ሕፃን ሲያለቅስ ወይም ወጥ ሲያር ሥራውን እንዳለ ጥሎ መነሣት፣ ማታ ደግሞ ካቆሙበት መቀጠል ይቻላል። ለአራስ፣ ለጡረተኛ፣ ከትምህርት ቤት መልስ ጊዜ ለሚተርፈው ልጅ እኩል የሚመች ሌላ የእጅ ሙያ እምብዛም አላውቅም።

ሙያው በአገራችን እጅግ የቆየ ነው። ድሬዳዋ አጠገብ ባለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ በተደረገ ቁፋሮ መካከላቸው ክብ ቀዳዳ ያለው የቀንድ አውጣ ክዳኖች በብዛት ተገኝተዋል፤ ቀንድ አውጣው ወደ ቅርፊቱ ሲገባ በሩን የሚዘጋበት ክዳን ማለት ነው። ያጠኗቸው ሰዎች በድንጋይ ዘመን እንደ ዶቃ ሳያገለግሉ አልቀሩም ብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ከሰጎን እንቁላል ቅርፊት የተሠሩ ከ1,500 በላይ የአፍሪካ ዶቃዎችን መርምሮ፣ ከ50 ሺህ ዓመት በፊት በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ተመሳሳይ ዶቃ ይሠሩ እንደነበር አሳይቷል። ቅርፊቱን ሰብሮ፣ በሹል ድንጋይ በስቶ፣ ጠርዙን ፍቆ ማክበብ ረጅም ሥራ ነው። ለመብላትም ለመጠጣትም የማይረባ ነገር ላይ ያን ሁሉ ድካም ማፍሰሳቸው ጌጥ ለሰው ልጅ ትርፍ ነገር እንዳልነበረ ይመሰክራል።

ብርጭቆው በኋላ በንግድ መጣ። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው ፔሪፕለስ የተባለው የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች መመሪያ፣ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ አክሱም ምድር ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል ብዙ ዓይነት የብርጭቆ ድንጋዮችን ይጠቅሳል። በኋለኞቹ ዘመናት የቬኒስና የቦሄሚያ ዶቃ በቀይ ባሕር በኩል እየገባ በየገበያው ተሸጠ። ዛሬ ቬኒስን በአብዛኛው የተኩት ቻይናና ሕንድ ናቸው። ዶቃው ከውጭ ይምጣ እንጂ አደራደሩ፣ ቀለም ከቀለም ማጋባቱ፣ የትኛው ለሙሽራ የትኛው ለእረኛ እንደሚሆን መለየቱ የአገሬው ነው። ደቡብ ኦሞ ላይ የኛንጋቶም ሴት ከአገጯ ሥር እስከ ደረቷ የምትደራርበው ዶቃ፣ የሐመር ሴት ዛጎልና ዶቃ ሰፍታ የምትለብሰው ቆዳ፣ የቦረና ሴቶች ዶቃ፣ በሰሜን ከነሐሴ 16 ጀምሮ ለአሸንዳ፣ ለሻደይ፣ ለአሸንድዬና ለሶለል ልጃገረዶች የሚያጠልቁት ድሪና ጨሌ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ንድፍ የሚፈልግ ጀማሪ ስልኩ ላይ የውጭ ሰዎችን ሥራ ሲያገላብጥ ከሚውል አንድ ቀን 6 ኪሎ ሄዶ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ቢያይ ይሻለዋል ባይ ነኝ። እዚያ የተለያዩ ሕዝቦች ጌጣጌጥ በአንድ ጣራ ሥር ይገኛል። ቀለም ያልበዛበት ግን አደራደሩ የሚያስደንቅ ጌጥ ምን እንደሚመስል በዓይን አይቶ መመለስ ብዙ ያስተምራል።

አንድ ነገር በጨረፍታ ላንሣ። ጨሌን ከዛርና ከውቃቢ ጋር የሚያያይዙ፣ ስለዚህም ቤታቸው እንዲገባ የማይፈልጉ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። እኔ ዶቃን የማየው በዶቃነቱ ነው፤ ነገር ግን ለሰው ስጦታ የምትሠሩ ከሆነ ቀድማችሁ ብትጠይቁ ወይም ወደ እንጨትና ወደ ወረቀት ዶቃ ብታደሉ ማንንም አታስቀይሙም።

አሁን ወደ ዕቃው። ለመጀመር የሚያስፈልገው ነገር አንድ የጫማ ካርቶን አይሞላም። ከሳሪስ፣ ከአደይ አበባ ወይም ከንፋስ ስልክ ፌርማታ በሰሜን–ደቡብ መስመር ባቡር አውቶቡስ ተራ ወርዶ መርካቶ መግባት ይቻላል፤ ከጀሞና ከለቡ ለሚነሣ ታክሲው አለ። መርካቶ ዶቃ በገመድ ተሰክቶ ወይም በትንንሽ ፌስታል ተቋጥሮ ይሸጣል። ትንንሾቹ የብርጭቆ ዶቃዎች መጠናቸው በቁጥር ይነገራል፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ዶቃው ያንሳል። 11 ቁጥር 2 ሚሊ ሜትር ያህል፣ 8 ቁጥር 3 ሚሊ ሜትር፣ 6 ቁጥር ደግሞ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጀማሪ 11 ቁጥርን ለጊዜው ይተወው። ዓይን ያደክማል፣ ቀጭን መርፌ ይፈልጋል፣ ለአንድ እጅ አምባር ከመቶ በላይ ፍሬ ይፈጃል። 6 ወይም 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ዶቃ እጅ ላይ ይያዛል፣ ቀዳዳውም ክሩን በቀላሉ ያስገባል።

ስትገዙ ጥቂት ፍሬ መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ ቀዳዳቸውን በብርሃን አንጻር እዩ። ቀዳዳው በግማሽ የተዘጋ፣ ጠርዙ የተሸረፈ፣ አንዱ ወገቡ ያበጠ ዶቃ ከበዛ ሌላ ቦታ ሂዱ። የተሸረፈ የብርጭቆ ቀዳዳ ክርን ቀስ በቀስ የሚቆርጥ ምላጭ ነው፤ «ክሩ አልበረክት አለ» ከሚባለው ቅሬታ ብዙው መነሻው ይኸው ነው። ወርቅ የሚመስል ቀለም የተቀባውን ዶቃ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ አሸት አድርጉት፤ ጨርቁ ላይ ከለቀቀ ላብ ሲነካውም ይለቃል።

ስለ ክር ሰፋ አድርጌ ልናገር። ላስቲክ ክር መቆለፊያ ስለማይፈልግ ለመጀመሪያ አምባር የሚሆነው እሱ ነው፤ ለ6 እና ለ8 ሚሊ ሜትር ዶቃ 0.7 ወይም 0.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውን ምረጡ። ዓሣ ማጥመጃ የሚመስለው ግልጽ ናይለን ርካሽ ነው፣ ያለ መርፌም ይገባል። ቋጠሮው ግን ይንሸራተታል፣ ሲከርምም ይደርቅና ይሰበራል፤ ለልጆች መለማመጃ ካልሆነ አልመክረውም። የተገመደ ናይለን ክር ለአንገት ጌጥ የታመነ ነው። የጥጥ ክር የሚጠቀም ሰው በማር ሰም ይሸው፦ ክሩን ሰሙ ላይ አስቀምጦ በአውራ ጣት ጫን በማለት ሁለት ሦስት ጊዜ መሳብ ነው። ሰሙ የክሩን ፀጉር ያስተኛል፣ ላብ እንዳይገባው ይከላከላል፣ ቋጠሮም ያጠብቃል። በማርና በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ በሆነች አገር ሰም ማግኘት ችግር የለውም። ክብደት ላለው ሐብል በናይለን የተሸፈነ የብረት ሽቦ ክር አለ፤ እሱ በእጅ አይቋጠርም፣ ጫፉ የሚያዘው በፒንሳ በሚጨፈለቅ ትንሽ የብረት ቱቦ ነው።

ሉል የሚሰኩ ባለሙያዎች በዓለም ዙሪያ ለረጅም ጊዜ ሲመርጡ የኖሩት የሐር ክርን ነው። ሐር ደግሞ ለሰፈራችን ባዕድ አይደለም፤ መካኒሳ የሚገኘው ሳባሃር የጉሎ ቅጠል ከሚመገበው የኤሪ ትል የሚገኘውን ሐር በእጅ አስፈትሎ ጨርቅ ያሸምናል። በደብረ ዘይት መንገድም የባቡሩ ፌርማታ ስሙን የወሰደበት አደይ አበባ ክር ፋብሪካ አለ። የፈትልና የክር ነገር ለዚህ የከተማ ክፍል የቅርብ ጉዳይ ነው ማለቴ ነው።

የሥራ ቦታችሁን ስታዘጋጁ ዶቃ ልሙጥ ትሪ ላይ እንደማይቆም አስቡ። ከአሮጌ ጋቢ ወይም ከብርድ ልብስ አንድ ቁራጭ ቆርጣችሁ ትሪው ላይ አንጥፉ፤ ዶቃው ጨርቁ ላይ ይቀመጣል፣ በመርፌ ጫፍ ለማንሣትም ይቀላል። ነጭ ወይም ግራጫ ጨርቅ ቀለም አያሳስትም። ማታ ትሪውን እንዳለ አልጋ ሥር መግፋት ነው።

የመጀመሪያውን አምባር እንሥራ። ክር ወስዳችሁ አንጓችሁ ላይ ሳታጠብቁ አዙሩና በማስመሪያ ለኩት፤ 16 ሳንቲ ሜትር ወጣ እንበል። ዶቃው ራሱ ውፍረት ስላለው 2 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ፣ 18 ይሆናል። በ8 ሚሊ ሜትር ዶቃ ይህ 22 ፍሬ ነው፤ በ6 ሚሊ ሜትር 30። ፍሬዎቹን ክሩ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ጨርቁ ላይ በሰልፍ ደርድሯቸው፤ ቀለም የሚስተካከለው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቀለም ይበቃል፣ ሦስት ብዙ ነው፣ አራት ላይ የሚያምር ነገር የሚያወጣ ጀማሪ እምብዛም አላየሁም።

ከላስቲኩ 30 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አራት አምስት ጊዜ ሳቡት። ይህን የሚዘለው ብዙ ነው፤ ሳይሳብ የተሰካ ላስቲክ ግን በለበሱት በማግስቱ ይለጠጥና በዶቃዎቹ መካከል ክፍተት ያሳያል። አንዱን ጫፍ በፕላስተር ጠረጴዛው ላይ ለጥፉት፣ ዶቃው እንዳይፈስ። ከፍሬዎቹ መካከል ቀዳዳው ሰፋ ያለውን አንድ ፈልጋችሁ መጀመሪያ እሱን ስኩ፤ በኋላ ቋጠሮው የሚደበቀው እሱ ውስጥ ነው። ከዚያ ሌሎቹን በሰልፋቸው አስከትሉ። መርፌ ከሌላችሁ የክሩን ጫፍ ቀለም በሌለው የጥፍር ቀለም ነክራችሁ አድርቁትና በመቀስ አግድም ቁረጡት፤ ጫፉ ጠንክሮ በራሱ መርፌ ይሆናል።

ሁሉም ሲገባ ሳትቋጥሩ አንጓችሁ ላይ አዙራችሁ ልኩን እዩ። አንዲት ትንሽ ጣት በሥሩ ካላለፈች አንድ ፍሬ ጨምሩ።

ቋጠሮው እነሆ። ሁለቱን ጫፎች አቋርጡና አንዱን በሌላው ሥር አሳልፉት። ሳታጠብቁ ያንኑ ጫፍ በዚያው ቀለበት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ አሳልፉት፤ አሁን ክሩ ሁለት ጊዜ ተጠምዟል። ምራቅ ወይም ውኃ ነካ አድርጋችሁ ሁለቱን ጫፍ በእኩል ኃይል ሳቡ፤ ጥምዝዙ ተኝቶ ሲጠብቅ ይታያችኋል። በላዩ ላይ በተቃራኒው አቅጣጫ ያንኑ ድገሙ። ተራ ቋጠሮ ላስቲክ ላይ ራሱን ይፈታል፤ ይህ ሁለት ጊዜ የተጠመዘዘው ግን ላስቲኩ በተለጠጠ ቁጥር ይበልጥ ይነክሳል። አንዲት ጠብታ የጌጥ ሙጫ ወይም ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጣል አድርጉበት። ሱፐር ግሉ እጅ ላይ ስለሚገኝ ይፈተናሉ፤ ነገር ግን ላስቲኩን ድርቅ አድርጎ በዚያው ቦታ ይሰብረዋል። ሙጫው ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ትርፉን 3 ሚሊ ሜትር ያህል አስቀርታችሁ ቁረጡ፣ ከዚያ አምባሩን ሳብ አድርጋችሁ ቋጠሮውን ቀዳዳው ወደ ሰፋው ዶቃ አስገቡት። ሳይደርቅ የሚቆርጥ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል።

በዚህ የሠለጠነ ሰው ወደ አንገት ጌጥ ይለፍ። 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሐብል አንገት ሥር ይቀመጣል፣ 45ቱ ከማጅራት ወርዶ ደረት መግቢያ ላይ ያርፋል፣ 60ው ከሹራብ በላይ ይለበሳል። እዚህ ላይ በየዶቃው መካከል አንድ አንድ ቋጠሮ መቋጠርን ተማሩ። ለ45 ሳንቲ ሜትር ሐብል ቢያንስ የሁለት እጥፍ ክር ይፈጃል፣ ጊዜም ይወስዳል። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፦ ዶቃ ከዶቃ እየተፋጨ አይቦረቦርም፣ ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስም የሚወድቀው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ቋጠሮው ወደ ዶቃው ተጠግቶ እንዲጠብቅ ክፍቱ ቀለበት ውስጥ መርፌ አስገቡና እስከ ዶቃው አፍ እየገፋችሁ አጥብቁ፣ በመጨረሻ መርፌውን ምዘዙ። ለዚህ ልምምድ ከመቁጠሪያ የተሻለ ነገር የለም። ኦርቶዶክሱ ባለ 41 ወይም ባለ 64፣ ሙስሊሙ ባለ 33 ወይም ባለ 99 ፍሬ ሊሠራ ይችላል፤ ፍሬው ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ሐሳብ ሁሉ እጅ ላይና ክሩ ላይ ይሆናል። የጸሎት ዕቃ ስለሆነም የቤት ሰው በደስታ ይቀበለዋል።

የጆሮ ጌጥ አጭር ነው። ጫፉ ክብ የሆነ ፒንሳ፣ ባለ ራስ ቀጭን ሽቦና የጆሮ መንጠቆ ይበቃል። ሽቦው ላይ ሁለት ሦስት ዶቃ ሰክቶ ትርፉን ፒንሳው ላይ አዙሮ ቀለበት ማድረግ፣ ቀለበቱን መንጠቆው ላይ ማንጠልጠል ነው። ቀለበቱን ስትከፍቱ ወደ ጎን ግፉት፤ ወደ ውጭ ከተለጠጠ ክብነቱ አይመለስም። ኒኬል የሚያሳክካቸው ሰዎች ስላሉ መንጠቆውን ብር ወይም የማይዝግ ብረት አድርጉት።

ዶቃ መግዛት ለሚከብደው ሰው የወረቀት ዶቃ አለ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደውም እሱን ነው። ያለፈ ዓመት የግድግዳ ካሌንደር፣ የመጽሔት ሽፋን፣ የማስታወቂያ ወረቀት ይሆናል፤ አንጸባራቂና ቀጭን የሆነው የተሻለ ይጠቀለላል። አንድ ኤ4 ገጽ ያህል ወረቀት ወስዳችሁ በአጭሩ ጠርዝ በኩል በየ2 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርጉ፤ በማዶው ጠርዝም እንዲሁ፣ ግን ምልክቱን በ1 ሳንቲ ሜትር አዛንፉት። ምልክቶቹን በማስመሪያ አገናኝታችሁ ስትቆርጡ አንድ ጫፋቸው 2 ሳንቲ ሜትር የሰፋ፣ ሌላው ጫፋቸው የሾለ ረጃጅም ሦስት ማዕዘኖች ታገኛላችሁ፤ ከአንድ ገጽ 20 ያህል ይወጣል። ከሰፊው ጫፍ ጀምራችሁ ቀጭን የሹራብ መርፌ ወይም የጥርስ እንጨት ላይ አጥብቃችሁ ጠቅልሉ። ሹል ጫፉ መሐል ለመሐል እንዲሄድ ተጠንቀቁ፤ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ዶቃው ይጣመማል። የመጨረሻዎቹን 5 ሳንቲ ሜትር ኮላ ቀቡና ዝጉት። ሲደርቅ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ቀለም የሌለው ቫርኒሽ ቀብታችሁ በየዙሩ እንዲደርቅ ጊዜ ስጡት። መስኮት ክፈቱ፣ ሽታው ለጭንቅላት ጥሩ አይደለም። የሰፊው ጫፍ ስፋት የዶቃውን ርዝመት፣ የወረቀቱ ርዝመት ደግሞ የዶቃውን ውፍረት ይወስናል፤ ይህን ያወቀ ሰው የፈለገውን ቅርጽ ያወጣል። ዘጠኝ የወረቀት ዶቃ አምባር ይሆናል፤ የቀረው ለሐብል ይተርፋል።

የወረቀቱ ዶቃ ሌላም ነገር ይፈቅዳል። ገበያ ላይ የሚበዛው ፊደል የተጻፈበት ዶቃ የላቲን ፊደል ነው። ወረቀቱ ተጠቅልሎ ከመዘጋቱ በፊት ሹሉ ጫፍ ላይ በቀጭን ብዕር የሰውን ስም ወይም አንዲት ፊደል በአማርኛ ብትጽፉ ቫርኒሹ ሥር ለዘለዓለም ትታያለች። ብዕሩ በቫርኒሽ የማይለቅ መሆኑን አስቀድማችሁ ቁራጭ ላይ ሞክሩ።

ከተራ ዶቃ ወጣ ያለውን የሚፈልግ ሰው አገር ውስጥ ሁለት የሚኮራባቸው ነገሮች አሉት። አንዱ እንጦጦ ላይ ነው፤ የጥይት ቀለህ እያቀለጡ ዶቃ የሚሠሩና በዚያ ጌጥ ኑሯቸውን የሚደጉሙ ሴቶች አሉ፣ ከመካከላቸውም ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውና ለጠበል መጥተው እዚያው የቀሩ ይገኛሉ። ሥራቸው ባሕር ማዶ ተሸጧል። ሌላው የደቡብ ወሎ ኦፓል ነው፤ ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተገኘ ወዲህ በዓለም የጌጥ ድንጋይ ገበያ ስሙ ገንኗል። የወሎ ኦፓል ውኃ ይመጥጣል፤ ሲርስ ቀለሙ ጠፍቶ እንደገና ሲደርቅ ይመለሳል። ስለዚህ ከኦፓል የተሠራ አምባር አድርጎ ዕቃ ማጠብ አይገባም። ለመጀመሪያ ሥራ ግን ኦፓል አትግዙ፣ እጅ ሲለምድ ይደረስበታል።

መሸጥን በሚመለከት እውነቱን መናገር ይሻላል። በቻይና ተሠርቶ በጅምላ የሚገባ አምባርን በዋጋ መርታት አይቻልም፤ የሚሞክር ሰው ድካሙን በነጻ ሰጥቶ ይቀራል። ዕቃው 80 ብር ፈጅቶ ሥራው ሁለት ሰዓት ከወሰደ፣ 100 ብር መሸጥ ለሰዓቱ 10 ብር መክፈል ነው። ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚበልጠው በልክ፣ በጥገናና በወቅት ነው። ለወፍራም እጅ፣ ለሕፃን አንገት፣ ለአንዲት የተለየች ቀሚስ የሚሆን ጌጥ ፋብሪካ አይሠራም። ከእናንተ የገዛ ሰው ሲበጠስበት ይዞ ቢመጣ በነጻ ስኩለት፤ ያ ሰው ጎረቤቱን ይዞ ይመለሳል። ወቅትም አለ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ኢሬቻ በአዲስ አበባም በሆራ ፊንፊኔ ስለሚከበር በመስከረም ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ዶቃ ይፈለጋል፤ ለየካቲት 23 የዓድዋ ድል በዓል አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ፤ ለጥምቀትና ለሠርግ ደግሞ ከሐበሻ ቀሚስ ጥለት ጋር የሚሄድ። ሥራው ከበዓሉ ከአንድ ወር በፊት መጀመር አለበት።

ትንንሽ ልጆች ባሉበት ቤት ትሪው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። ዶቃ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ የመታነቅ አደጋ ነው፤ ሕፃን በተኛበት አንገቱ ላይ ምንም ዓይነት ክር አይደረግ። ከዱር የተለቀመ ጥቁርና ቀይ ፍሬም አትስኩ፤ ከእንዲህ ዓይነቶቹ መካከል ቢታኘክ ሰው የሚገድል መርዝ ያለው አለ።

ሥራውን የለመደ ሰው የመጀመሪያው ዋነኛ ደንበኛው ከቤቱ አይርቅም። በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ የአያት ድሪ፣ የእናት ጨሌ ወይም አሮጌ መቁጠሪያ አለ። ክሩ በላብና በዘመን በስብሷል፤ ለመልበስ ያስፈራል፣ ስለዚህ እንደ ተጠቀለለ ይቀመጣል። አንድ ቀን ይበጠስና ዶቃው ይበታተናል፤ የፍሬው ሰልፍ አንዴ ከጠፋ ማን አስታውሶ ይመልሰዋል? ከመንካታችሁ በፊት የጌጡን ባለቤት ጠይቁ፤ የማን እንደነበረ፣ መቼ ይደረግ እንደነበር፣ የትኛው ፍሬ መሐል ላይ እንደሚውል ጻፉ። በስልካችሁ ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንሡ። ክሩ ጥቂት አቅም ካለው አዲሱን ሰም የተቀባ ክር ከአሮጌው ጫፍ ጋር በቀጭኑ አስራችሁ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አንሸራትቷቸው፤ ሰልፋቸው ሳይናጋ ይሻገራሉ። አቅም ከሌለው ጋቢው ላይ በሰልፍ አስተኝታችሁ ከአንድ ጫፍ ጀምራችሁ ስኩ። ከብር የተሠራ ፍሬ ካለበት በደረቅ ጨርቅ ብቻ ጥረጉት፣ ውኃ ውስጥ አትንከሩት። የጎደለ ፍሬ ካለ ተመሳሳይ አስመስላችሁ አትተኩ፤ ባዶውን በቋጠሮ ሙሉት።

ስለዚህ አምባሩን ሠርታችሁ ቋጠሮው ሳምንት ከጸናላችሁ፣ መርካቶ ሌላ ዶቃ ለመግዛት ከመውጣታችሁ በፊት እናታችሁን ሣጥኗን እንድትከፍትላችሁ ጠይቋት።